ከኩታ ጫፍ

ሰላድንጋይ ሱቄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
የኔታ ክንፉ ገቡ፣ ይዘው የልጅ ጣት።
ብርሃን ካጡ ወዲህ ሃያ ዓመት ሆናቸው፤
ጆሮ የሌላት ዘርፌ፣ እሷ ናት ዓይናቸው።

ከኩታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱና፣
«ወንጌሉን በድምፅ ጫንባት» አሉና
ሚሞሪ ሰጡኝ፣ የጥፍር ያህል።

ከፈትኩት። ሰሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ፦
«ይሄ ሰው ምን ነካው? አራት ነጥቡን ዘሎ በረረ፣
ከቃል መሀል ገብቶ ትንፋሽ ተበደረ!
እኛስ ለአንዲት እረፍት ስንት አለንጋ በላን!»

ፋይሉ እስኪጫን ድረስ ዝም አልኩ፤
እኔ ዓይንም ጆሮም ያለኝ፣
የታተመው ከመደርደሪያዬ ሦስት ዓመት ተቀምጦ
ላስቲኩን አልቀደድኩ።

ዘርፌ ስልኬን ጎተተች።
ለሷም አለ፣ ቪዲዮ፣ በእጅ የተተረጎመ፤
አንዲት ሴት ጣቶቿን ታናግራለች።
«ቃል» የሚለው ጋ ስትደርስ
አፏን አልነካችም፤
መዳፏን ከደረቷ አንስታ ወደኛ ዘረጋች።

ዘርፌ ዞረች። ያባቷን እጅ ስባ
ያንኑ ደገመች፣ ከደረቷ ወደ መዳፋቸው፣
ቀስ ብላ።

የድምፁ ሰውዬ ብቻውን ያነባል።
የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆዩ፣
ቆዩና፦
«ይቺስ እረፍቱን አልሳተችም» አሉ።