የካርቶን ጀርባ ሂሳብ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ማሽኑ ሲቆም ለእረፍት፣
እኔና ባሲም ወጣን ከመጋዘኑ ፊት።
ከቤት ሼአን ሜዳ፣ ከዮርዳኖስ ማዶ፣
የኢርቢድ መብራት በራ፣ ተራራው ላይ ነዶ።

“ያቺ ናት” አለ ባሲም፣ በሲጋራው ጠቁሞ፣
“ሦስተኛው ረድፍ መብራት፣ ከውሃው ጋን ቀድሞ።
ራኒን እዚያ ነች፤ መድኃኒት ቅመማ።
አሁን ታነብ ይሆን? ወይስ ተኛች ደክማ?”

ቅርብ ነው፣ በእጄ ብዘረጋ የምነካው፤
ባሲም ግን መንገዱን በሰዓት አይደለም የሚለካው፣
በዲናር ነው እንጂ።

እኔም ልጅ አለችኝ፣ ኦሽራት የምትባል፣
ኮምፒዩተር ሁለት ጊዜ “ነጥብሽ ጎድሏል”
ብሎ የመለሳት።

ባሲም እርሳስ አወጣ ከጆሮው ላይ ስቦ፣
የእርጎ ኩባያ ካርቶን ገለበጠ አቅርቦ፣
መሐሉን ሰነጠቀው ባንድ ቀጭን መስመር፤
“ይህ ዮርዳኖስ ነው” አለ፣ “በል እንግዲህ ቁጠር።”

በቀኝ በኩል ኢርቢድ፦ የዓመቱ ክፍያ፣
የክፍል ኪራይ፣ ጋዝ፣ የካፖርት መግዢያ፣
የድልድዩ ቀረጥ ሲሄዱም ሲመጡ፣
አንድ ዱነም ወይራ፣ አያቷ የሸጡ።

በግራ በኩል እኛ፦ ክፍያው አይከብድም፣
መንግሥት ይደጉማል፤ ወንበር ግን አይሰጥም።
ወንበሩ ዘንድ ለመድረስ ሌላ ሂሳብ አለ፣
የሁለት ወር ደሞዜን ኮርሱ ብቻ አከለ።
ደግሞ ኮርስ። ደግሞ አውቶቡስ ወደ አፉላ።
ደግሞ ሌሊት ቁጭ ብላ፣ ራቷን ሳትበላ።
“ቁልፍ ለበር ከሆነ፣ ልጓም ለምን ይሆናል?”
ይላል ፈተናው። አባቷ ፈረስ ያውቃል፣
በዕብራይስጥ ግን አይደለም።

“ያንተ ይረክሳል” አለኝ፣ ደምሮ ሲጨርስ።
“ይረክሳል” አልሁት፣ “በሩ ላይ እስኪደረስ።
ማዶ በሩ ሰፊ፣ መግቢያው ግን በዲናር፤
እዚህ ዋጋው ርካሽ፣ መርፌ ቀዳዳ በር።”

“ጥራቱስ?” ብዬው ነበር። እያሳለ ሳቀ፦
“የኒሲም የደም ግፊት በማን እጅ ታወቀ?
ፋርማሲዋ ያቺ ልጅ ከኢርቢድ አይደል የወጣች?
አለቃችን የት ተማርሽ አላለም፤ ይውጣል፣ ከሰጠች።”

ወዲያው ድምፁ ዝቅ አለ። ስትመለስ ራኒን
ሌላ ፈተና አለባት፣ የዚህ አገር ሚዛን፤
አምስት ዓመት ወይራ በልታ፣ ባንድ ቀን ትወድቅ ይሆን?
ሲጋራውን ረገጠው፣ ከጠፋ በኋላ እንኳ።

ጠዋት ለኦሽራት ነገርኋት። ጫማዋን እያሰረች፣
“እኔስ ኢርቢድ ብሄድ?” ብላ ጠየቀች።
አዝመራ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ።
“በዓረብኛ ነው እኮ!”
“እማራለሁ። አባዬስ በአርባ ዓመቱ አልጀመረ?”

የምሸጠው ወይራ የለኝ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበረ፣
የሰው ማረሻ ሲያበጅ፣ መሬት ሳይኖረው ኖረ።
ደግሞም ያ ድልድይ፣ ለራኒን መንገድ የሆነው፣
ወታደር ለነበረች ለእኔ ልጅ ምኗ ነው?
ይህን መስመር ባሲም ካርቶኑ ላይ አላሰመረውም፤
እኔም አላስታወስሁትም።

ማታ ተረኛ ስንገባ፣ ካርቶኑ ቦታው የለም።
ተሞልቶ፣ ታሽጎ ሄዷል።
ሺህ ኩባያ ተጭኖበት፣ ከሥር የሁለት ልጅ ድምር፤
ወረቀቱ “ሰሜን” ይላል፣ ሌላ አይናገር።

ባሲም አዲስ ካርቶን ገለበጠ፣ እርሳሱን ቀረጸ።
“ኦሽራት ስንት ነበር የጎደላት?”
“አሥራ አንድ ነጥብ።”
ጻፈው። ትክ ብሎ አየው።
“አሥራ አንድ ነጥብ… በዲናር ሲመነዘር?”