ባለቤትና ተሳቢ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በጠመኔ አቧራ፣
ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግሥ እያልኩ በተራ፣
አስተምሬ አስተምሬ፣ ጡረታዬ ደርሶ፣
ይኸው ተሳቢዬ መንገድ ላይ ፈርሶ።

ግራ ጎማው ዘሟል፣ ኩሽኔታው አልቆ፣
ግራሶ ያልነካው ብረት ዝጎ ደርቆ፣
የሐይቅን ውሃ እንደ ሻይ እየጠጣ
አምስት ክረምት ሙሉ ሲገባ ሲወጣ።
ከአርዲቦ ዳገት ሥር፣ እዚያ ኩርባው ላይ፣
ጓ! አለና ቆመ፤
ጀልባዬ አዘመመች አፍንጫዋ ወደ ሰማይ።
ማሽላ የጫነ አህያ ነጂ አለፈና
"ጋሼ፣ ውሃው ወዲያ ነው" አለኝ ሣቅ አለና።

አሊጋዝ በያጁ፣
ሱቅ ከከፈተ ገና ሦስት ዓመቱ፣
ጥቁር መነጽሩን ሰቅሎ ከአናቱ፣
ተሳቢውን ዞረው፣ በመዶሻ መታው፣
እንደ ሐኪም ሁሉ ጆሮውን አስጠጋው።
"ይሄ አክስል የምን ነው?"
"የላንድሮቨር ነበር።"
"'ነበር' አይሸከምም፣ ጋሼ።"
(እኔ ነኝ ወይስ እሱ ሰዋስው የተማረ?)
"ከአሮጌ ፒካፕ ላይ ኮምቦልቻ አይጠፋም፤
ባሌስትራው ይደረብ፤ ይህ ቸርኬ አያዛልቅም።
አብሽር!" አለኝና ዋጋውን ነገረኝ፤
ከዋጋው ይልቅ ያ "አብሽር" አስፈራኝ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬን አብርቼ፣
ካልታረመ ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ፣
አንድ፦ መሪው ይርዘም። ቀትር ሲነፍስባት
እንደ ግትር በቅሎ ፊቷን ነው የሚያዞራት።
ሁለት፦ ምሰሶዋ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ጎብጧል፤
ግን የሰጠኝ ሰውዬ በየሳምንቱ "ቆሟል?" ይለኛል።
ስለዚህ ሁለት ይቅር።
ሦስት፦ ከሆዷ ሥር የሚወርድ ሰሌዳ፣
ነፋስ ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትነዳ።
(አይ ሰሌዳ! ጡረታ ብዬ፣ ካንተ ሸሽቼ፣
ደግሞ ልገዛህ ነው ብሬን አውጥቼ።)
አራት፦ ሸራ።
እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

ሀያት ከደሴ ደውላ "ናይለን ግዛ" ብላኛለች፣
"ቀላል ነው፣ አይበሰብስም" ትላለች።
እውነቷን ነው።
ግን በዚያ የሽሽት ዓመት፣ ሰው በሰው ላይ ሲያድር፣
አውርጄ ሰጠሁት፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር
አስረው ወጠሩት፣ ከመርሳ የመጡ
ሁለት ቤተሰቦች። ማን ማን እንደሆኑ
አልጠየቅሁም፤ ያኔ ማንም ማንንም አይጠይቅም።
ሃያ ሦስት ሌሊት።
ሲመለስልኝ ጥጉ ላይ የከሰል መስመሮች፣
አምስት አምስት እየሆኑ የታሰሩ ቀኖች፣
ከሥራቸውም በልጅ እጅ፣ ጠማማ፣ "ነገ" የሚል።
ባለቤት የለው፣ ግሥ የለው፣ ነጥብ እንኳ የለው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያረምኩ ሰውዬ
ይህን ማረም አቃተኝ።

ጠዋት ሱቁ ስደርስ ብልጭታ ይበተናል።
አሊጋዝ ጭንብሉን ሳያነሳ፣
"ያ ሸራ አለ?" አለኝ።
"የቱ?"
"የትምህርት ቤቱ።"
"አለ።"
"የግራ ጥጉ ያፈስ ነበር" አለ፣
ዝም አለ፣ ብየዳውን ቀጠለ።
ዋጋውን ግን አንድ ብር አልቀነሰልኝም፤
እኔም አልጠየቅኩትም።

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ፦
አራት፦ የግራ ጥጉ ይጠገን።

ቅዳሜ በይመር ፒካፕ ይዘነው ወረድን፤
ግራው ጸጥ ሲል ቀኙ ጎማ ያፏጭብን ጀመር።
አሊጋዝ ከኋላ፣ ትርፍ ቡሎን ኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ፣
አንድ እጁን ጀልባዋ ላይ እንደ ታማሚ ትከሻ
ጣል አድርጎ ይራመዳል።
ስለ ባለቤት፣ ስለ ተሳቢ እያወራሁት
ደንገሉ ጋ ደረስን። ቆመ። ውሃውን አየው።
"እና ጋሼ፣ ያ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው?"
"ግሥ" አልኩት።
ተሳቢው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሐይቁ እስከ ቸርኬው ዋጠው።
"ቀስ!" ብሎ ጮኸ አሊጋዝ፣ "ኧረ ቀስ፣ ግራሶው!"