የቀረሶው ዓይን

እናታቸው ሆስፒታል ናት፤ የሌሊት ተረኛ አድራ፣
"ሰው ጎድሏል፣ እስከ ማታ ነኝ" ብላ ደወለች ከሥራ።
ምሳው እኔ ላይ ወደቀ።
"ምን እንብላ?" ብዬ ብጠይቅ፣ ይትባረክ "ፓስታ!" ብሎ ፈነደቀ።
ብሩክታዊት ዝም አለች።
እሷ ዝም ካለች፣ የሆነ ነገር ይዛለች።

ጥር ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላው፣
በሽምብጥ መንገድ የባንዲራው ገመድ፣ አለ ገና ሰው ያልፈታው።
እሷን ከፊት ብረቱ ላይ፣ እሱን ከኋላ ጭኜ፣
በብስክሌት ወረድን ወደ ጣና፣
ደወሏ ከተሰበረ ቆየ፣ እኔው ደወል ሆኜ።

ጋሽ ደምለው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ፣
መረቡን እንደ ሹሩባ ይፈታል በጣቱ።
"አምባዛ አለ፣ ቢሻ አለ፣ ቀረሶም አለ" ይላል፤
"ለልጅ ግን ቀረሶ ነው፤ እሾሁ ተለቅሞ ያልቃል።"

ሦስት ገዛን። አንዱ ገና ይንፈራገጣል።
ብሩክታዊት ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ተክላ፣
"አባ፣ ለምን አይጨፍንም?" አለችኝ በሹክሹክታ።
"የዓይን ቆብ የለውማ።"
"ሲተኛስ ታዲያ?"
አርባ ዓመት ከዚህ ሐይቅ በላሁ፤ አንድም ቀን አላሰብሁም።
ጋሽ ደምለውን አየሁት፤ እሱም አልመለሰም።

ስንመለስ አንዲት የፎገራ ሴት፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ፣
የሽምብራ እሸት ትሸጣለች፣ ከነሥሩ ከነአፈሩ አምጥታ።
ሁለት እቅፍ ያዝን። ከዚያ ይትባረክ ጀርባዬ ላይ ዝም ሲል፣
መጠርጠር ነበረብኝ፤
ቤት ስንደርስ ግማሹ አልቋል፣ ገለባው ሸሚዜ ላይ ተለጥፎ ቆየኝ፣
እሱ ጨው ጨው የሚል ጎምዛዛ ጣቱን ይልሳል።

እውነቱን ልናገር፤ ዓሣ በልቼ አደግሁ እንጂ፣
ጠብሼ አላውቅም፤ ቢላዋውን ያዝሁት እንደ ፈንጂ።
ከጭራ ወደ ራስ ነው አሉ፣ በቢላው ጀርባ ሲፋቅ፤
ቅርፊቱ ጓዳውን ሞላው፣ ወለሉ እስኪያብረቀርቅ።
ጨውና ነጭ ሽንኩርቱን ብሩክታዊት ናት ያሸችው
(በአንድ ጣት። ፊቷን አዙራ።)

ሎሚ አነሰን፤ ይትባረክን ከእትዬ ይታይሽ ዘንድ ብልከው፣
አራት ሎሚ፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ምክር ይዞ መጣልኝ፤
"'ዘይቱ ሳይግል እንዳትከተው' ብላሃለች" አለኝ።
ምክሩ ዘገየ፤ ከትቼዋለሁ።
የመጀመሪያው ቀረሶ ከመጥበሻው ጋር ተጋባ፤
የእትዬ ይታይሽ ድመት ነው የታደለ፣ ይዞት ካጥሩ ሥር ገባ።

ሁለተኛው ግን ቀላ፣ ጠርዙ ኩርሽም ኩርሽም አለ፣
ከሽምብራው የተረፈው፣ ከቲማቲም ጋር በሰለ።
ቀረበ። ይትባረክ ሁለት እጁን ሰደደ።
"እያየኝ አልበላም" አለች እህቱ።

ልመናም ቁጣም ትቼ፣ አንድ ክብ ሎሚ ቆርጬ፣
ዓይኑን ሸፈንሁለት ቀስ አድርጌ፣ ሳቄን ውጬ።
"አሁን ተኛ?"
"ተኛ።"
ሎሚውን ገለጥ አደረገች፣ አየች፣ መለሰችው፤
ከዚያ ከጎኑ ቆንጥራ፣ በዳቦ ጫፍ ቀመሰችው።
ምንም አላለችም። ሁለተኛም ቆነጠረች፤
በሦስተኛው "እሾህ አለው፣ ቀስ" ብላ ወንድሟን መከረች።

ማታ እናታቸው ገባች፣ ጫማዋን ቆማ እያወለቀች፤
"ምን ሸተተኝ?" ሳትጨርስ፣ ብሩክታዊት ክዳኑን ከፈተች።
ሦስተኛው ቀረሶ፣ ሙሉውን፣ ሎሚው እንዳለ ዓይኑ ላይ።
"ቀስ" አለቻት፣ "ተኝቷል። ከዚህኛው ጎን ጀምረሽ ብይ።"

እየበላች፣ በግራ እጇ የልጇን ጆሮ ዳበሰች፣
አንድ የደረቀ ቅርፊት ነቅላ፣ በመብራቱ አሻግራ አየች።
ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረች።
"መጥበሻውስ?"
"ዘፍዝፌዋለሁ" አልሁ። ሌላ ምን ልበል።