የጎደለችው ጣት

ቀርጤስ ተራራ ላይ፣ መሳኮሪ መንደር፣
ፖሊክሮኒስ ካልመጣ ሙሽራ አይዳርም ነበር።
ማሲንቆን በሁለት ጅማት የምትበልጣት፣
ሊራ ነበረችው፣ ጭኑ ላይ የሚያቆማት፤
ሆዷን ከወይራ ግንድ በቢላ ፈልፍሎ፣
ደረቷን ከፈረሰው ያባት ቤቱ ወራጅ ከፍሎ።
«ዝናብ ሲጥል ታፈሳለች» ይል ነበር፣
«የቤት ልጅ አይደለች!»

አንድ ኅዳር፣ ወይራ ሲጨመቅ ሌሊት፣
ድንጋዩ ወሰደ የግራ ትንሿን ጣት።
አርጊሮ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ስትሮጥ፣
እሱ የጠየቀው ስለ ዘይቱ ነው፦
«ቀላ እንዴ?»

በፋሲካ ማግስት ሊራዋን አነሣ፤
ከዜማው መካከል አንዲት ድምፅ ረሳ።
አልረሳም። ዘለላት። ቦታዋን ተወላት፣
ለሞተ ሰው ወንበር እንደሚተውለት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ዘፈነ፣
ጉድለቱ ለጆሯችን ልማድ እስኪሆን፣ ደግሞም ሆነ።

ዛሬ ጦስኝ በቅሎበታል።
ከከተማ የመጡ ባለ መነጽር ምሁራን
ድምፁን ቀድተው ጻፉ፦ «ይህ ዝላይ ጥንታዊ ነው፣
ሺህ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»
እኛም ወይን ቀዳንላቸው፤ ማንም አላረመም።

የጋጋሪው ልጅ ሲፊስ፣ ዐሥር ጣት ያለው፣
ትንሿን አጥፎ ይጫወታል፤ ማን እንዳስተማረው?
እኔም አጥፋለሁ፣ በሠርግ፣ በክርስትና፣
ሰው ሌላውን ዜማ አያውቀውምና።

ሊራዋ እኔ ጋ ናት። ማታ፣ በር ዘግቼ፣
ያችን ድምፅ እነካለሁ፣ ጣቴን ዘርግቼ።
አንዴ ብቻ።
ትንሽ ታፈሳለች፤
ውጭ ግን ዝናብ የለም።