የጨው ልክ

ዊኒፔግ፣ ጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
መኪኖቹ የጎዳና ጨው ለብሰው ነጥተዋል፤
እኔ ሌላ ጨው ተሸክሜ፣
የባልዲው ማንጠልጠያ ጓንቴን እየቆረጠው
ወደ እናቴ ምድር ቤት እወርዳለሁ።

በኅዳር የመጣሁት ግን ልጥለው ነበር፣ አልዋሽም።
ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ደላላዋም
"ያ የመስታወት ሣጥን ሳይወጣ ገዢ አላመጣም" ብላኛለች።
ሦስት መቶ ሊትር ባሕር።
ዶክተር ፍሪሰን ጥርስ መንቀል ሲተው
አሥራ ስድስት ዓመት ወለሉን ለወለወለችለት ሴት
"ከፈለግሽ ውሰጂው" ያላት።
አስካለ፣ ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ፣
በታክሲ፣ በሦስት ምልልስ፣
ዓሣውን በላስቲክ፣ ድንጋዩን በእርጥብ ጋዜጣ፣
አሸዋውን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣችው።

ደብተሯ አለ፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በጨው የደረቀ።
"ሰኞ። ጨው፦ አንድ ነጥብ ዜሮ ሁለት አምስት።
ሙቀት፦ ሃያ አምስት ተኩል።
እታፈራሁ በልታለች። ሻምበሉ ከጉድጓዱ አልወጣም።"
ዓሦቿን በዕቁብተኞቿ ስም ነበር የምትጠራው፤
ዕጣ ወጥቶለት የጠፋውን ሰውዬ
በሰው ዛጎል የሚኖር ሸርጣን አድርጋ
ጠዋት ጠዋት ትሰድበው ነበር።

ከሞተች ዓመት ሆናት።
አንድም ዓሣ የለም።
በመስታወቱ ከንፈር ጨው ተጋግሯል፤
ድንጋዮቹ ግራጫ፣ ይተኙ ይሙቱ ያልለየላቸው።
"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል"
ትለኝ ነበር፣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ስተኛ።
ጓንት አጠለቅሁ፤ ድንጋይ ልጥል።

ውሃው ገታኝ።
ዓመት ሙሉ ሰው ያልደረሰበት ውሃ፣
እስከ አሸዋው ሊደርቅ ሲገባው
ሞልቷል።
ትንሿ ፓምፕም ጉሮሮዋ በጨው ታንቆ
ሲር ሲር ትላለች።
በጎኑ ነጭ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ የእርሳስ ጭረት፣
ከየጭረቱ አጠገብ ቀን፤
እሑድ፣ እሑድ፣ እሑድ።
ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም።
የሰባት ቁጥርን ወገብ ቀበቶ የሚያስታጥቅ
አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤
አባቴ ደርሰህ። ከተፋቱ አሥራ አንድ ዓመት፣
ቁልፉን ያልመለሰ፣
"ለዓሣ መብራት ትከፍያለሽ" እያለ ሲሳለቅባት የኖረ።

ደወልኩለት። ዝምታ፤ ከዚያ ሳል።
"ውሃ ብቻ ነው የጨመርኩት። ጨው አልነካሁም።
የሚሄደው ውሃው ነው፣ ጨው የትም አይሄድም፤
እሷ ናት ያለችኝ።
ዓሦቹን ግን አልቻልኩም።"
ከዚያ ስለ በረዶው ጠየቀኝ።

ያን ሌሊት የእጅ ባትሪ በቀይ ላስቲክ ጠቅልዬ
አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን
ልጥለው ካነሣሁት ድንጋይ ቀዳዳ
ክንድ ወጣ፣ ቀጭን፣ ጠጉራም፤
ሁለተኛ፤ ሦስተኛ፤
የባሕር ኮከብ፣ አንዱ ክንዱ ተቆርጦ ገና የሚያድግ፣
መነጽሩ እንደ ወደቀበት ሰው
አሸዋውን ይዳብሳል።

ከዚያ ወዲህ ፓምፗን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣
የጨውን ቅርፊት ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርድ ፋቅሁ፣
በንፍሮ ጭልፋዋ አዲስ ጨው በጠበጥኩ።
የዓሣ ሱቁ ሮዴል "አትቸኩል" ይለኛል፤
"ውሃም ይታመማል፣ ይድናል፤ አንተ ዝም ብለህ ለካ።"
እለካለሁ። በብልቃጥ፣ ጠብታ እየቆጠርኩ፤
አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለበት፣ ቢጫ ከሆነ የለም።
ሦስት ሳምንት አረንጓዴ።
ትናንት ቢጫ።

ደላላዋ ትደውላለች። አላነሣሁም።
በደብተሯ ባዶ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤
"ሐሙስ። ጨው፦ 1.027። በዛ።
ምንም አይደል፣ እሑድ ሰው ይመጣል።"
ብዕሬን አነሣሁና
ሰባቷን አየኋት፤
ቀበቶ አስታጥቄአታለሁ።