በወፍጮ ቤቱ ጓዳ

«ሙሴ ፓናዮቲ ምን አሳያችሁ?
ምን ቢሸሽግ ነው አፍ ያስያዛችሁ?»
ይሉኛል እስከ ዛሬ፣ በባቡር ጣቢያው ጥግ
ካርታ የሚጫወቱ፣ ሲያልቅባቸው ወግ።
እኔም እላቸዋለሁ፦ «በሶ ጠጣን፤ በቃ።»
ይስቃሉ። ያልኩት እውነት ነው፤ አንድም ሰው አይነቃ።

አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣
የወፍጮውን ሞተር ዘይት እቀባለሁ።
አዴ ብርቂ ትነፋለች፣ ከዱቄቱ ክምር ላይ፣
ልጇ ሌሊሴ ከጎኗ፣ እንክርዳዱን ስትለይ።
ያን ዓመት ወባ ገባች፤ ክረምት ሳይጋመስ
ሌሊሴን ወሰደቻት፣ ኪኒን እንኳ ሳትቀምስ።

እናት ወንፊቱን ሰቀለች። በመስከረም እህል ተወች።
በር በሩን እየዞረች «አይታችኋታል?» አለች፦
ለባቡሩ ነጂ፣ ለሸንኮራ ጫኙ፣
ተራ ሲጠብቁ ጥላ ሥር ለሚተኙ።
መቃብሯን በዓይኗ ያየች፣ ልጇን ትጠይቃለች፤
«አብዳለች» አለ ገበያው። እሷ ግን ትሄዳለች።

ፓናዮቲ ዝም አለ። ዱቄት በቅንድቡ፣
ቀን ይቆጥር ነበር ብቻውን በልቡ።
በዘጠነኛው ቀን ሞተሩን አጠፋ፤
ጸጥታው ጆሮዬን እንደ እጅ ገፋ።
«በአያቴ አገር» አለ፣ «አንዲት እናት ነበረች፣
ልጇን መሬት ቢውጣት፣ እህሉን ያስቀረች።
ሰዎች በመስከረም ታጥበው፣ ጦመው፣ ሄደው፣
ከጨለማ ቤት ወጡ ከሞት ጋር ተላምደው።
ምን እንዳየ ግን አንድም ሰው አልተናገረም።
እኔም አላየሁ። ግን ወፍጮ አለኝ።» ሌላ ቃል አልጨመረም።

አዋሽ ወርደን ታጠብን። አዞ አለ ይላሉ፤
አላየንም፤ እሱም ጦም ነበር እንደ ሁሉ።
በወንጂ ድልድይ ላይ ሸንኮራ ጫኞቹ
እግር አንጠልጥለው፣ ተሳዳቢዎቹ፦
«ሙሴ፣ ወፍጮ ሰልችቶህ ሙሽራ ያዝክ እንዴ?
ያልተወቀረ ድንጋይ ምን ይፈጫል ስንዴ!»
አዴ ብርቂ ቆመች፤ ሻሿን አፏ ላይ አርጋ፤
ሳቋ ግን አመለጠ፤ እንባም ወጣ ከሱ ጋ።
ማታ ወፍጮ ቤት ስንደርስ በሶ በጥብጦ ሰጠ፣
ናና ጣል ያለበት። ዘጠኝ ቀን የዘጋ ጉሮሮ ዋጠ።

ከዚያ ወደ ጓዳው። ፋኖሱ ተከድኖ፣
ጨለማው እንደ ዱቄት ፊታችን ላይ ተበትኖ።
ፋኖስ ያዡ እኔ ነኝ። «አሁን» ሲል ገለጥኩት።
ሰፌዱ ላይ ያለውን፣ እኔም በዓይኔ አየሁት።

እዚህ ላይ ላቁም።
ስሙ አንድ ቃል ነው፤
በአርሲ ማሳ ሁሉ ንፋስ የሚንጠው።
ብነግራችሁ «ይኸው ብቻ?» ብላችሁ ነው የምትስቁት።
አዎ፣ ይኸው ብቻ። በዚያ ጸጥታ ግን፣ ያንን ብርሃን ስትሞቁት...
እሷ ያየችውን አላውቅም።
እኔ ያየሁት እሷን ነው።

በነጋታው ጠዋት ወንፊት ሲወርድ ሰማሁ
ከተሰቀለበት ምስማር። ሞተር አስነሳሁ።
አንድ እፍኝ ስንዴ ግን ሳታስፈጭ ለየች፤
ከቤቱ ኋላ፣ ከቧንቧው ሥር፣ በጣቷ ቀበረች።

ሙሴ አገሩ ገባ። እሷም ልጇ ጋ ሄደች።
ወፍጮዋ ፎቅ ሆናለች፤ ባጃጅ ማቆሚያ ሆነች።
መስከረም ሲጠባ፣ ናና ካገኘሁ፣
ለብቻዬ፣ ማታ፣ በሶ እበጠብጣለሁ።
«ምን አሳያችሁ?» ይላሉ።
«ካርታ ስጡ» እላለሁ።