ዝርዝሩ ላይ ያልገባች ጆሮ

ወረቀት ተለጠፈ ከምግብ ቤቱ በር፣
ከዓሣ ሾርባ ዋጋ፣ ከምሳ ዝርዝር ሥር፤
ክላይፔዳ ወደብ፣ ውርጭ ባሕሩን ባኘከበት ጥር፣
ጎታቿ ጀልባ በሰጠመች በሳምንቱ፦

«ልቡ ለተነካ ሠራተኛ ሁሉ
አማካሪ መጥታለች፣ ከቪልኒየስ፣ ለሦስት ቀን።
ክፍል ቁጥር አራት። ክፍያ የለውም። ምስጢር ይጠበቃል።
ስማችሁን አይታችሁ በየተራችሁ ግቡ።»

በጣቴ ወረድኩ ከላይ እስከ ታች፤
ገመድ የጣለው አለ፣ በነፍስ አድን ጀልባ የወጣች፣
ከውሃ የጎተቱ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለሉ፣
ወጥ ቤቱ ጊንታውታስ ሳይቀር፣
በነጠላ ጫማ ሾርባ ይዞ ስለሮጠ፣ ሁሉም አሉ።
እኔ የለሁም።

ደግሞስ ምን አየሁና?
ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ፣ መስኮቴን ጭጋግ ጋርዶት፣
ከሬድዮኑ በቀር ዓይን የሚባል ሳይኖረኝ እዚያ ቤት።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ሪምቪዳስ ጠራኝ እንደ ወትሮው፤
«አውድሮኔ፣ ሻዬ ተደፋ» አለ፤ ሳቀ ደግሞ፣ ያንን የጉሮሮ ሳቁን፤
«ጀልባዋን እንጃ ምን እንደነካት፣ ወደ ግራ አጋደለች።»
ቀጥሎ፣ ያለ ሳቅ፦
«አጋደለች።»
ከዚያ
ሽሽሽሽሽ።

ደንቡ ያዛል፦ በየደቂቃው ጥሪ፤
መልስ ካጣሽ መዝግቢ፣ ከዚያ እንደገና ጀምሪ።
«ሪምቪዳስ፣ ይሰማል?» መልስ የለም። ጻፍኩ።
«ሪምቪዳስ፣ ይሰማል?» መልስ የለም። ጻፍኩ።
አርባ ጊዜ፣ አርባ መስመር፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ።
ሰው ለሞተበት ወዳጅ አርባ ቀን ይጠብቃል፤
እኔ አርባውን አወጣሁለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በአንድ ገጽ።
ሁለቱን በሕይወት አገኟቸው፤
እሱን በሦስተኛው ቀን፣ ከድልድዩ ሥር።

አለቃዬ ቪቴኒስ ትከሻዬን መታ አድርጎ
«አንቺማ ብርቱ ነሽ» አለኝ፤
«ደግነቱ ፎቅ ላይ ነበርሽ፣ ምንም አላየሽ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉ ሰዎች
የኔዋን አያውቋትም።
ቤተኛ ናት። ሳትጠራ ትገባለች፣ ትራሴን ትጋራለች፣
ዘይት መጥበሻ ላይ ቸስ ሲል ከእኔ ቀድማ ትነቃለች።
ቅዳሜ ልጄ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ቧንቧው ሽሽሽሽሽ ሲል፣
«ዝጊው!» ብዬ ጮኽኩባት።
ዘጋችው። ስምንት ዓመቷ ነው።
ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ፣ አረፋው በአገጯ እየወረደ
ዝም ብላ አየችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከደረጃው ላይ ሆኜ አየኋቸው፤
ኮፍያቸውን አውልቀው ሲገቡ፣ ቀልቶ ሲወጣ ዓይናቸው።
ትልቁ ዶናታስ፣ ሰንሰለት ብቻውን የሚሸከመው፣
ኮፍያውን ረስቶ ወጣ፤ ሊወስደውም አልተመለሰ።
ቀናሁበት።
በሰው ዕንባ ይቀናል?

በመጨረሻው ቀን፣ ማምሻውን፣ ማሞቂያውን ልዝጋ ብዬ
ክፍል አራትን ከፈትኩ።
ሰበብ ነው። ማሞቂያ መዝጋት የኔ ሥራ አይደለም።
ሴትዮዋ፣ ስኪርማንቴ፣ ካፖርቷን አጥልቃለች፣ አንዱን እጅጌ ብቻ።
«ስምሽ አለ?»
«የለም።»
እጅጌውን መልሳ አወለቀች።
ጊዜ ሁሉን ይሽራል አላለችኝም። ወንበርም አልሳበችልኝ።
ቅጿ ላይ «ምን አየሽ?» ይላል፣ በማተሚያ፤
«አየሽ» የሚለውን በስክሪብቶ ሰረዘች፣
«ሰማሽ» ብላ ጻፈች፣
ወደኔ ገፋችው።

ቃል አልወጣኝም። ከንፈሬን አሞጥሙጬ
ድምፁን ራሱን አሰማኋት፣ እስትንፋሴ እስኪያልቅ።
ደገምኩት።
ደገምኩት።
የማታው ባቡር አመለጣት።

ዛሬ ልጄ ቧንቧውን ከፈተችልኝ፣
ቀስ አድርጋ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር፤
አጠገቧ ቆሜ አሥር ድረስ ቆጠርኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፤
አሥራ አንድ ላይ ዘጋሁት።
«ነገ አሥራ ሁለት» አለች፣ ብሩሿን አራግፋ፣
እንደ አስተማሪ።